በርባንክ የተሠራው ወደብ

የሀበሻ ሬስቶራንቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኛችሁ መጀመሪያ ጤናችሁን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ልጃችሁን። ጤናችሁን የሚጠይቀው ለወጉ ያህል ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፈዋል። የልጃችሁን ነገር ግን ቆሞ ነው የሚሰማው። የአንዱ ልጅ ፋርማሲስት ናት፤ የሌላው ጠበቃ ነው፤ የሦስተኛው ደግሞ ዶክትሬቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አንድ ዓመት የቀረው ከሆነ ብዙ ጊዜው ነው፤ ቢሆንም አባቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ ባለችው የመኪና ማቆሚያ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቁልፍ እቀበላለሁ፣ መኪና አስገባለሁ፣ መኪና አስወጣለሁ። የሠፈሩን ልጆች ሁሉ ታሪክ የሰማሁት በመኪና መስኮት በኩል ነው።

የእኔ ልጅ ጨዋታ ትሠራለች።

ይህን በአማርኛ ስትናገሩት ምን እንደሚመስል ልብ በሉልኝ። ከወዳጅ ጋር ማውጋት ጨዋታ ነው። የልጆች ኳስም ጨዋታ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ከምሳ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ቢሮ አለው፣ አለቃ አለው፣ የጤና ኢንሹራንስ ሳይቀር አለው። በአማርኛ ሲሆን ግን ልጅቷ ቤት ተቀምጣ የምትስቅ ነው የሚመስለው። «ጌም ዲዛይነር ናት» ብል ደግሞ «ማለት?» ይሉኛል። ማለትማ ጨዋታ ማለት ነው፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

በርባንክ ያለ አንድ ካምፓኒ ከቀጠራት ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ኮሪያታውን ያለው አፓርታማችን መጥታ ምሳ በላንና ላፕቶፗን ከፈተች። «አባዬ፣ ይሄን እኔ ብቻዬን ነው ዲዛይን ያደረግኩት» አለችኝ። አየሁ። ሁለት ተራሮች ወደ ባሕር ወርደው ውሃውን ከግራና ከቀኝ አቅፈውታል። በመካከላቸው መርከብ የሚገባበት ጠባብ አፍ አለ። ውስጡ ፀጥ ያለ ነው። ከተማዋ ከውሃው ዳር ጀምራ በተራራው ላይ ትወጣለች፤ የምትበላውም የምትለብሰውም በዚያች ጠባብ አፍ ነው የሚገባላት። ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ አለ። ባሕሩ ሐምራዊ ነው። «ማንም ድንጋይ አልጣለበትም፤ ኔቸራል ነው» አለች። ተራሮቹን በጣቷ እየተከተለች ታሳየኛለች።

«ውሃው ለምን ሐምራዊ ሆነ?» አልኳት።

«ዓለሙ እንደዚያ ስለሆነ።»

«እሺ» አልኩና ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። እሷም ላፕቶፗን ዘጋች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለችና፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ ገና አናውንስ አልተደረገም፣ ሚስጥር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ» አለችኝ። ማን ሊናገር! ብለመን እንኳ የሚነገር መስሎ አልታየኝም።

በማግስቱ ካፌ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። የዶክትሬቱ አባት ልጁ ኮንፈረንስ ሄዶ እንዴት እንደተጨበጨበለት አውርቶ አውርቶ ሲደክመው ወደ እኔ ዞረ። «የአንተዋ ግን ምን ላይ ነች? ተናግረህ እኮ አታውቅም» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ማኪያቶዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና፣ «በርባንክ ናት። ወደብ ዲዛይን ታደርጋለች» አልኩ።

«ወደብ?»

«ወደብ።»

«ለማን?»

«እሱን መናገር አይፈቀድልኝም። ፈርማለች።»

በኋላ ነገሩን መላልሼ መርምሬዋለሁ፤ ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ውሸቱ ድምፄ ላይ ነበር። ወደብ ከሌለው ሀገር የመጡ ሦስት ሰዎች ፊት ወደብ የሚል ቃል ጥዬ፣ ሚስጥር ነው ብዬ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። አንደኛው ብቻ ትንሽ ተጠራጥሮ፣ «በርባንክ ባሕር አለ እንዴ?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት የዶክትሬቱ አባት መለሰልኝ። «ዲዛይኑ ነዋ! ባሕሩን ቢሮ ያስገቡት እንዴ?»

ሐሙስ ሲደርስ ወሬው መንገዱን አዳርሶ ነበር። በርበሬ የምትሸጥልን ሴትዮ ሚዛኑ ካቆመ በኋላ ሁለት ማንኪያ ጨመረችና፣ «ይሄ ለልጅቱ ነው፤ በልታ ትሥራ» አለችኝ። ጋርዴና ከተማ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚያከራየው ሰውዬ መኪናውን ላቆምለት ሲመጣ ቁልፉን ከነቢዝነስ ካርዱ ሰጠኝ። «ሶ፣ ፖርቱ ሥራ ሲጀምር ፎርክሊፍት ያስፈልጋል አይደል? ኮንቴይነር በእጅ አይነሳም። እኔን ሪመምበር አድርጉኝ» አለ። አዎም አይደለምም አላልኩም። «እግዜር ይወቀው» አልኩ፤ እሱ ይህንን እንደ አዎ ቆጠረው። ስድቡን የሰማሁት ቤት ነው። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት ግራ ገብቷት መጥታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን የሚያቆምልህ ፓርኪንግ የለም?» አለችኝ። ለልጃችን እንድነግራት ሦስት ቀን ሰጠችኝ። ሦስቱም ቀን አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሰው ሰላም ሲለኝ ትንሽ ጎንበስ ማለት ጀምሯል። ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ስቀበል ማንም ጎንበስ ብሎልኝ አያውቅም።

ከዚያ ጋሼ መጡ። ጋሼ በሠፈሩ በዕድሜ ከሁላችንም በላይ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክራባት አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው መጥተው ቁልፍ ከምቀበልባት ጎጆዬ ፊት ቆሙ። ወንበሬን ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጅህ የምትሠራውን ወደብ እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይፈዝ።»

«ጋሼ፣ ሚስጥር ነው እኮ።»

«ወታደር ነበርኩ። ሚስጥር መጠበቅ አስተምርሃለሁ እንጂ ካንተ አልማርም።»

እንደ ዕድሌ ሆኖ በዚያው ቀን፣ ጋሼ ገና ጥጉን ሳይዞሩ፣ ስልኬ ጠራ። ልጄ ነበረች። «አባዬ፣ አናውንስ ተደረገ! ከአሁን በኋላ ለማንም መናገር ትችላለህ!» አለች። ሚስጥርነቱ ማምለጫዬ ነበር፤ እሱንም ዘጋችብኝ። የሞት ሞቴን፣ ጋሼና ሌሎች ትልልቅ ሰዎች ሥራዋን ማየት እንደሚፈልጉ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ሪሊ? እነሱ ራሳቸው ጠየቁ?» አለች። «አባዬ፣ ሀበሻ ሰው ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ዋው። ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«ወደብ ትሠራለች ብዬ።»

«ኦኬ፣ ግን ጌም መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «መኪና መጣብኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የመጣ መኪና አልነበረም።

ሥራዋን ልታሳያቸው እስከተቀጠረበት እሑድ ድረስ እንቅልፍ የነሳኝ የራሴ መዋረድ አልነበረም፤ እሱ የታወቀ ነው። ያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጄ አምራና ተዘጋጅታ ትመጣለች፤ ሰዎቹ የአገር ወደብ ሊያዩ ይቀመጣሉ፤ እሷ ሐምራዊ ባሕር ትከፍትላቸዋለች፤ እነሱም ይስቁባታል። የሚስቁት ደግሞ እሷ ምን አጥፍታ ሳይሆን አባቷ የእሷን ሥራ ደብቆ ሌላ ሥራ ስለፈጠረላት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቋት ቀን የመጨረሻው ቀን ሊሆን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአንዱ ሬስቶራንት የጓዳ ክፍል ሞላ። ጋሼ ከፊት ተቀመጡ። የፎርክሊፍቱ ሰውዬ ሱፍ ለብሷል። የሬስቶራንቱ ባለቤት እትዬ ሳይቀሩ ወጥ ቤቱን ለሌላ ሰው ትተው፣ እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ልጄ ገመድ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ዘወትር እግር ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ ሰካችና ላፕቶፗን ከፈተች። ባሕሩ መጣ። ሁለቱ ጨረቃዎች መጡ። አራት ክንፍ ያላቸው ወፎች በመርከቦቹ ላይ አለፉ።

ከዚያ የፎርክሊፍቱ ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ «ሶ፣ ይሄ... ቀይ ባሕር ነው?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ልጄ መጀመሪያ ሰውዬውን አየች፤ ቀጥሎ እኔን። በዓይኗ ምን እንደጠየቀችኝ አውቄዋለሁ።

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጄ የምትሠራው ጌም ነው። ጨዋታ። ይሄ ጨዋታው ውስጥ ያለ ወደብ ነው እንጂ የማንም አገር አይደለም። እሷ ዋሽታ አታውቅም። እኔ ነኝ ጨዋታ ትሠራለች ማለት ያሳፈረኝ።» ወደ እሷ ማየት አልቻልኩም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ቁጭ በል» አሉ ጋሼ። «ጋርደኸኛል።»

ተቀመጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉ። «ልጄ፣ የወደብሽ አፍ ወዴት ነው የሚያየው?» አሏት።

«ወደ ምዕራብ፣ ጋሼ።»

«ነፋሱስ ከየት ነው?»

ትንሽ አሰበች። «እሱም ከምዕራብ።»

«እንግዲያው እዚህ ወደብ ውስጥ አንድም መርከብ በሰላም አያድርም። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይገባል። ገመድ ይበጥሳል፤ መርከብን ከመርከብ ያጋጫል። ዓሣ ካልሆንሽ እዚያ አትተኚም።»

ልጄ ደብተር ፍለጋ ቦርሳዋን ገለበጠችው። «ጋሼ፣ አለቃዬም የሆነ ነገር ልክ አይደለም ትላለች። ግን ምን እንደሆነ ማንም መናገር አልቻለም! ሶ ምን ይሻላል? አፉን ላዙረው?»

«ተራራ ከምታዞሪ ከፊቱ ደሴት አድርጊበት። ማዕበሉን ደሴቱ ይመክትልሻል፤ መርከቦቹ በጎን ይገባሉ። ደሴት መፍጠር ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ። አሁኑኑ እችላለሁ።»

«እንደ እግዜር ነሻ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አይባልም!» አሉ እትዬ አማትበው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያቁም። ዕድሜያቸውን በዚያች በሥዕሏ ከተማ የኖሩ ይመስል እየተናገሩ ከተማዋን ያርሙላት ጀመር። ድሮ አዲስ አበባ መኪናው ጉምሩክ ገብታ ዓመት የቆየችበት ሰውዬ፣ «ጉምሩኩ የታለ? ጉምሩክ ከሌለውማ እውነትም ሕልም ነው» አለ። እሷም ጉምሩክ ብላ ጻፈች። የዶክትሬቱ አባት ሁለት ጨረቃ ካለ በዓል የሚቆጠረው በየትኛዋ ነው ብሎ ጠየቀ። ተናድዶብኝ እንደሆነ ፊቱን እሰልላለሁ፤ እሱ ግን እኔን ጨርሶ ረስቶኛል።

እትዬ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። «ሰዎቹ ምንድን ነው የሚበሉት?» አሉ።

«ዓሣ፣ እትዬ። ከባሕሩ ነው የሚኖሩት።»

«በጾምስ?»

«ጾም የላቸውም።»

«ጾም የሌለው ከተማ እንዴት ያለ ከተማ ነው?»

እንግዲህ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ነገር ሀበሻ በተሰበሰበበት ማንሳት ምን እንደሚያመጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ግማሹ ይበላል አለ፤ ግማሹ ከቶ አይሆንም አለ። አንዱ የሚያውቃቸውን መነኩሴ ጠቀሰ፤ ሌላው የሚበልጥ መነኩሴ ጠቀሰ። እትዬ በሬስቶራንታቸው በዓቢይ ጾም ዓሣ ለምን እንደማይሠሩ ለሃያኛ ጊዜ አስረዱ። ልጄ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ትጽፋለች። በመጨረሻ እጇን አነሳች፤ «ዌይት፣ ዌይት! በከተማው ሁለት ሠፈር ይኑር። የሚበሉና የማይበሉ። በተወሰነ ቀን አንዱ የሌላውን ደረጃ አይረግጥም። ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ ፐርፌክት ነው!» አለች። ሁለቱም ወገን የተሻለውን ሠፈር ለእኛ ስጪን ብሎ እንደገና ተጣላ።

የፎርክሊፍቱ ሰውዬ እስኪረጋጉ ጠበቀ። «ሶ፣ ፎርክሊፍት የለም ማለት ነው» አለ፣ በጣም አዝኖ።

«ሞተር ገና አልተፈጠረም» አለችው። «ግን በበሬ የሚጎተት ከእንጨት ልሠራልህ እችላለሁ።»

አሰበበት። «ከለሩ ቢጫ ይሁን» አለ።

ሰው ተሰነባብቶ ሲያበቃ ጋሼ እጇን ይዘው፣ ደሴቱን ስትጨርሺ መጥተሽ አሳዪኝ አሏት። እኔን በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬ ላይ ነካ አድርገውኝ ምንም ሳይሉ አለፉ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት እስካሁን አላወቅኩም።

መኪናዋን ቤት ትታ በባቡር ስለመጣች በእኔ መኪና ልሸኛት አብረን ወጣን። ፌርፋክስን ይዤ ነዳሁ። ኦሊምፒክ መንገድ ስንደርስ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ያዘን።

«አባዬ፣ ታፍርብኛለህ?»

«አፍር ነበር» አልኳት። በሥራሽ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም ብዬ ልጨምር አሰብኩና ተውኩት፤ ለእሷ ልዩነት የለውም። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር፤ የወጣልኝ ግን ጥያቄ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳት ጥያቄ። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እንዴት ቀጠሩሽ?»

ስልኳን አወጣች። «ስታመለክት የሥራህን ናሙና ትልካለህ» አለችኝ። «የእኔ የመጀመሪያው ገጽ ይሄ ነው።» ስልኩን ሰጠችኝ።

ሥዕል ነው። ከላይ ወደ ታች የታየ የመኪና ማቆሚያ። የእኔ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር አለ። መኪኖቹ እኔ በማቆማቸው ዓይነት ቆመዋል፤ ቶሎ የሚወጣው ከፊት፣ ቅዳሴ የሄደው ከኋላ፣ ምሳ የሚበላው ከመካከል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዳይታገት። ይህን ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም። በመካከላቸው ጥፍር የሚያህል ሰው እጁን አንስቶ ቆሟል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ብዙ ነገርን በትንሽ ቦታ ማኖር የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ አባቴ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነው ይላል።

«ኢንተርቪው ላይ ስለ ሌላው ሥዕል አልጠየቁኝም» አለች። «ስለ አንተ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ከዚያ ወደቡን ለእሷ ስጧት አሉ።»

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝና ዓይኔን ሞሉት። ስልኩን መመለስ አቃተኝ። ያንን እጁን ያነሳ ጥፍር የሚያህል ሰው እያየሁ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ግሪን ሆኗል። ሂድ።»

ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ይንፋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሳሳልፍ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ ይጠብቀኝ።